እንጦጦ ላይ ጎህ ሲቀድ ፎቶ ማንሳት፦ ከዋዜማው ማታ እስከ ፒያሳ

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «እንጦጦ ወጥቼ ነበር፤ ግን ከተማው ደብዝዞ፣ ሰማዩም ነጭ ሆኖ ወጣብኝ። ካሜራ ልቀይር እንዴ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ስንት ሰዓት ላይ ነበር? «ጠዋት ነው፤ ሦስት ሰዓት ገደማ።» በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ሦስት ሰዓት ለፎቶ ጠዋት አይደለም።

ይህንኑ ለእያንዳንዱ ጠያቂ በድምፅ መልእክት ስመልስ ከርሜ ደከመኝ። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከእንጦጦ ተነስተን፣ በሽሮ ሜዳና በስድስት ኪሎ ወርደን፣ ፒያሳ ጊዮርጊስ ላይ የምንጨርሰው የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። በስልክም በካሜራም ይሠራል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። «እሱን አልችልም» የሚል ካለ ተመልሶ ይተኛ፤ አልቀየመውም።

ሰዓቱ ላይ የማጠብቀው በምክንያት ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ፀሐይ አንዴ ከወጣች ሽቅብ ነው የምትሄደው፤ በሰዓት 14 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ስዊድን ያለ ዘመዳችሁ ወርቃማው ብርሃን ረጅም ሰዓት ቆየልኝ ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ እዚያ ፀሐይ አግድም እያዘገመች ነው የምትወጣው። እኛ ጋ ግን ያ ለስላሳ፣ ጥላው የረዘመ ብርሃን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ይነጣል፣ ጥላው ያጥራል፣ ከተማው ላይ ያለው ጭስና አቧራም ያንጸባርቃል። ነጭ ሰማይ የምትሉት እሱ ነው።

መቼ ልሂድ?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። ክረምቱ አየሩን አጥቦታል፣ አቧራ ገና አልተነሳም፣ ሣሩም አረንጓዴ ነው። በመስከረም ደግሞ አደይ አለ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል። ነገር ግን ቀዝቃዛው አየር የከተማውን ጭስ ከታች አፍኖ ይይዘዋል፤ ማለዳ ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ ይመስላል። ይህም ቢሆን አንዳንዴ ያምራል፤ ሕንፃዎቹ ከጭሱ በላይ አንገታቸውን ብቅ ሲያደርጉ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አቧራው ስለሚበዛ የሩቁን ተዉትና ዛፉንና ሰውን አንሱ።

አንድ ቀን ግን በፍጹም አትሂዱ፦ ኅዳር 12። «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ነው። ከላይ ሆናችሁ የምታዩት ጭስ ብቻ ይሆናል። በማግሥቱም አልመክርም።

የምትይዙት

- ስልክ ወይም ካሜራ። ካሜራ ከሆነ አብሮት የሚመጣው 18-55 ሌንስ ይበቃል። 55-250 ያለው ሰው ይያዘው፤ ከላይ ሆኖ የከተማውን አንድ ቁራጭ ለይቶ ለማውጣት ይጠቅማል።
- ትርፍ ባትሪ፣ ለስልክ ደግሞ ፓወርባንክ።
- ባዶ የሆነ ሚሞሪ።
- ስታንድ። ከሌላችሁ አንድ ኪሎ ጥሬ ሽምብራ በጨርቅ ከረጢት ቋጥሩ። ድንጋይ ወይም አጥር ላይ አስቀምጣችሁ ካሜራውን ስትጭኑበት ቅርጹን ይዞ አያንቀሳቅሰውም። ቆሎ አታድርጉበት፤ ፀሐይ ሳትወጣ ታልቁበታላችሁ።
- የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ።
- ወፍራም ጃኬት ወይም ጋቢ፣ ጓንት። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ታች ቲሸርት የሚያስለብስ ቀን ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።
- ነጠላ። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ያስፈልጋል፤ ለሌላም ሥራ ይውላል፣ እመጣበታለሁ።
- ሁለት ንጹሕ ፌስታል፣ የእጅ ባትሪ፣ መታወቂያ፣ ዝርዝር ብር፣ ውኃ።

አሠራሩ

1. ሥራውን ማታውኑ ጨርሱት። ባትሪ ሙሉ፣ ሚሞሪ አራግፉ፣ ቦርሳ አዘጋጁ። ፀሐይ የምትወጣበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ እዩ፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በግንቦት 12 ሰዓት ከ5 ገደማ ትወጣለች፣ በኅዳር 12 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ በጥር መጨረሻ ደግሞ ወደ 12 ሰዓት ከ50 ትጠጋለች። የአርባ አምስት ደቂቃ ልዩነት አለው። ይህን ሳያይ ወጥቶ በብርድ ተንቀጥቅጦ የጠበቀ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ።

ስልክ የምትጠቀሙ ሰዎች ግሪዱን (ስክሪኑን የሚከፋፍሉትን መስመሮች) ክፈቱ፤ አድማሱ እንዳይዘምባችሁ ይረዳል። የ2 ሰከንድ ታይመሩ የት እንዳለ ፈልጉ። ካሜራ የያዛችሁ መብራት አጥፍታችሁ ቁልፎቹን በእጃችሁ ዳስሱ። በጨለማና በብርድ ጣት እንቢ ስለሚል የለመደው ነገር ብቻ ነው የሚሠራው። ካሜራችሁ ሮው (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ ፋይል) የሚያወጣ ከሆነ እሱን አብሩት፤ የጨለመን ቦታ በኋላ ለማውጣት ሰፊ ዕድል ይሰጣል።

ሰማዩንም እዩ። ጭራሽ ደመና የሌለው ሌሊት ብዙ አያጓጓም፤ ትንሽ ደመና ከሌለ ቀለሙ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ማታ ዘንቦ ሌሊት ከጠራ ግን እንቅልፋችሁን ሰውታችሁ ውጡ። በነጋታው ሸለቆው ውስጥ ጉም ይተኛል።

2. መጓጓዣውን አስተማምኑ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጡ ሚኒባሶች አሉ፤ ግን ሌሊት እስኪሞሉ ይቆማሉ። እናንተ ስትጠብቁ ብርሃኑ አይጠብቅም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ኮንትራት ያዙ፣ ወይም በራይድ ጥሩ። ሾፌሩን «ሽቅብ ነው፣ እንጦጦ ማርያም ድረስ» ብላችሁ ስልክ ላይ አስቀድማችሁ ንገሩት። አንዱ ሽሮ ሜዳ ላይ «መኪናዬ ይሞቃል» ብሎ አውርዶኝ ያውቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ በጨለማ ብቻችሁን ጫካው ውስጥ አትግቡ። ጅብ አለ፤ ከጅብ የሚብስም ሊኖር ይችላል። እስኪነጋ ድረስ ከአስፋልቱና ከቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ አትራቁ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች እዚያው አጠገብ ስለሚገኙ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም።

3. ቦታ ምረጡ፣ ከዚያ ፀሐይዋን ጠብቁ። ፀሐይ ከመውጣቷ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ከተማው ያለው በደቡብ ነው። ከእንጦጦ ማርያም በታች መንገዱ ዳር ባህር ዛፉ የሚከፈትባቸው ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ቁሙ። ፓርኩ ውስጥ ካሉት መመልከቻዎች ማንሳት የፈለገ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ቀድሞ ይጠይቅ።

የምትፈልጉት ከተማውን ብቻ አይደለም። ከፊት ለፊታችሁ፣ ከሦስት እስከ አሥር ሜትር ውስጥ አንድ ነገር ይኑር፤ ድንጋይ፣ የዛፍ ግንድ፣ አጥር፣ ቁጭ ያለ ጓደኛ። ምክንያቱም ከሩቅ የታየ ከተማ ዓይናችሁ ላይ ሰፊ ቢመስልም ፎቶ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። ቅርብ ያለው ነገር ነው ርቀቱን የሚነግረው። የመብራት ገመድ ካለ ደግሞ አሁኑኑ ፈልጉት። ዓይን ይዘለዋል፣ ካሜራ አይዘለውም። ሁለት እርምጃ ግራ ወይም ቀኝ ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አተነፋፈሳችሁን አረጋጉ። ከቆላ የመጣ፣ በተለይ ከውጭ ከገባ ገና ሁለት ሦስት ቀኑ የሆነ ሰው እዚህ ከፍታ ላይ ያለከልካል፤ የሚያለከልክ ሰው የያዘው ካሜራም አብሮ ያለከልካል።

4. ሰማያዊውን ሰዓት አትዝለሉ። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ባሉት ሃያ ደቂቃዎች ገደማ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ የከተማው መብራትም ገና አልጠፋም። ሁለቱ የሚመጣጠኑት ያኔ ብቻ ነው። ቀደም ካለ መብራቱ በጥቁር ላይ የተረጨ ነጥብ ይሆናል፤ ከዘገየ መብራቱ ይዋጣል። ብዙ ሰው ይህን ሰዓት ቡና ፍለጋ ያሳልፈዋል።

ካሜራ ከሆነ፦ ስታንድ ወይም ሽምብራ ላይ አስቀምጡ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 አድርጉ፣ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ከ4 ሰከንድ ጀምራችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ። በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱ፤ በጣት ሲጫኑት መንቀጥቀጡ ፎቶው ላይ ይታያል። ፎከሱን ራቅ ያለ መብራት ላይ ያዙ። ጥቁር ሰማይ ላይ ካሜራው የሚይዘው አጥቶ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ስልክ ከሆነ፦ የሌሊት ሁነታውን አብሩ፣ ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፉ፣ እስኪጨርስ አትንኩት። በጣት ዙም አታድርጉ። ብዙ ስልኮች ላይ ያ ዙም ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ነው፤ እሱንማ ቤት ገብታችሁም ትቆርጡታላችሁ።

5. ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑን ለሰማዩ ለኩ። የነጭ ሰማይ መድኃኒት ይህ ነው። ካሜራ ሰማይና መሬትን እኩል ማየት አይችልም፤ ለአንዱ ሲል ሌላውን ይጥላል። የነጣ ሰማይ ደግሞ ቤት ገብታችሁ በምንም አይመለስም፤ የጨለመ መሬት ግን ይመለሳል። ስለዚህ ስልክ ላይ ሰማዩን ነክታችሁ ጣታችሁን ወደ ታች ሳቡ፣ ትንሽ እስኪጨልም። ኤችዲአር (ብሩሁንና ጨለማውን የሚያመጣጥነው) ካለ አብሩት። ካሜራ ላይ የብርሃን ማስተካከያውን (የ+/− ምልክት ያለበትን) ከዜሮ ወደ −1 አውርዱ።

ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዘንብላ ነው የምትወጣው። ወደ ከተማው ዞራችሁ ስትቆሙ በግራችሁ ከፊት በኩል ትሆንና በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ትገባለች። ፎቶው ላይ ጭጋግና የብርሃን ክብ ከታየ በግራ እጃችሁ ወይም በነጠላችሁ ሌንሱን በፀሐይዋ በኩል ጋርዱት። ጋቢ የለበሰ ጓደኛ ከተገኘ ደግሞ አጠገባችሁ አቁሙት፤ ሁለት ሥራ ይሠራል።

አንድ ዓይነት ፎቶ ሃምሳ ጊዜ አታንሱ። አንድ ሰፊ፣ አንድ ካሜራውን አቁማችሁ፣ አንድ ቅርብ። ከዚያ ደመናው እስኪቀየር ጠብቁ።

6. አሁን ዙሩ። ሁሉም ሰው ከተማውን እያየ ሳለ ከጀርባችሁ ባህር ዛፉ ውስጥ ብርሃን እየገባ ነው። ጉም ወይም የማገዶ ጭስ ካለ ጨረሩ ተለይቶ ይታያል። ፀሐይዋን ከአንድ ግንድ ጀርባ ደብቋትና አንሱ። በእኔ ግምት የዚህ ጉዞ ምርጡ ፎቶ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ማንም ግን ስለ እሱ አይጠይቀኝም።

በዚህ ሰዓት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ታገኛላችሁ። ሸክም ላይ ያለን ሰው አታስቁሙ። ያንን ሸክም አቁሞ እንደገና መነሳት ምን ማለት እንደሆነ የተሸከመው ነው የሚያውቀው። የሚያርፉበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጠብቋቸው፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ ሰላም በሉ። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ማለት ከቻላችሁ ፊታቸው ይፈታል። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ከሩቅ ሰርቆ ማንሳት በሕግ ባያስጠይቅ እንኳ ያሳፍራል። ልጆችን ደግሞ ወላጅ ሳይፈቅድ አታንሱ።

7. ቤተ ክርስቲያኑን በሥርዓቱ አንሱ። እንጦጦ ማርያም ስትደርሱ ቅዳሴ ካለ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ሲያልቅ ካህን ፈልጉ። «አባ፣ ይፍቱኝ» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፣ ከዚያ የት ድረስ ማንሳት እንደሚፈቀድ ጠይቁ። ግቢውን ብዙ ጊዜ አይከለክሉም። ውስጥ ከተፈቀደላችሁ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ ይከናነባሉ፣ ፍላሽ ይጠፋል። ፍላሽ ሥዕሎቹ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ጥሎ ፎቶውን ያበላሻል፤ የሚጸልየውንም ሰው ይረብሻል። መቅደሱን አትሞክሩት።

8. ስትወርዱ ካሜራውን ዚፕ ዝጉበት። ሁለት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው እርጥበት ነው። ከእንጦጦ ብርድ ሰው የሞላው ሞቃት ታክሲ ውስጥ ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ ልክ ከብርድ የገባ መነጽር እንደሚያደርገው። ላይ ሳላችሁ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ቋጥሩት፣ እስከ 20 ደቂቃ አትክፈቱት። ጤዛው በፌስታሉ ላይ ይቀራል። እኔ አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ፎቶዎቼን ለማየት ቸኩዬ ቀኑን ሙሉ በደበዘዘ ሌንስ ስዞር ዋልኩ።

ሁለተኛው፦ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ አለ። በመስኮት እንኳ ካሜራ አታውጡ። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን ውረዱ፤ የባህል ልብሱ ተሰቅሎ ጥለቱ ሲደረደር ጥሩ ፎቶ ይወጣዋል። ባለ ሱቁን ጠይቁ፣ የሚቻል ከሆነ አንድ ነገር ግዙ።

9. ስድስት ኪሎ፦ ሐውልቱ አይውደቅባችሁ። የየካቲት 12 ሐውልት ረጅም ነው። ሥሩ ቆማችሁ ካሜራውን ሽቅብ ካቀናችሁት ሐውልቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ምክንያቱ የካሜራው ማዘንበል ነው። ስለዚህ ራቁ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከታች የተረፈውን መሬት በኋላ ቁረጡት። ለመራቅ ስትሉ ግን መኪና መንገድ ውስጥ እንዳትገቡ፤ አደባባይ ነው። ዙሪያውን ያሉትን ቅርጻ ቅርጾች ደግሞ ብርሃኑ ከጎን ሲመታቸው አንሱ። ከፊት የመጣ ብርሃን ቅርጽን ዝርግ ያደርገዋል።

አራት ኪሎ ላይ አትቁሙ አልልም፤ ሐውልቱ አለ። ነገር ግን ፓርላማውና ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ስለሆኑ ካሜራችሁ ወዴት እንደዞረ እወቁ። ከተጠራጠራችሁ ቅርብ ያለውን ፖሊስ ጠይቁት። ጠይቆ ያነሳ ሰው ሲያዝ አላየሁም።

10. ፒያሳ ጊዮርጊስ። ካቴድራሉ ስምንት ማዕዘን ነው። ፊት ለፊት ቆማችሁ ካነሳችሁት አንድ ግድግዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማዕዘኑ ላይ ቁሙ፤ አንዱ ገጽ በብርሃን፣ ሌላው በጥላ ይወጣል፣ ሕንፃውም ክብደት ያገኛል። እስክትደርሱ 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ብርሃኑ ጠንክሯል፣ የግቢው ዛፎች ግን ያለዝቡታል። ከቅጠሎቹ ሥር ሆናችሁ በቅርንጫፎቹ መሐል አንሱ። ነጠላ ለብሶ ግድግዳውን የሚሳለም ሰው ካለ ከጀርባው፣ ራቅ ብላችሁ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ካሜራውን አጥፉና ማኪያቶ ጠጡ።

11. ቤት ስትገቡ። መጀመሪያ ገልብጡ፣ ከዚያ አርትዑ። ኮምፒውተር ላይ አንድ፣ ፍላሽ ላይ ሌላ ቅጂ። ለማስተካከል ስናፕሲድ ይበቃል፦ አድማሱን ቀጥ አድርጉ፣ የጨለመውን መሬት ትንሽ አብሩ። ቀለም መጨመሪያው ላይ እጃችሁን ሰብስቡ፤ የእንጦጦ ሣር እንደ ሎሚ ልጣጭ ካበራ ከልክ አልፋችኋል።

የማይነኩ ነገሮች

ወታደራዊ ቦታ፣ ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ አየር ማረፊያ አታንሱ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ይዤልህ ልምጣ?» ካለ ፈቃዱን ቀድሞ ይጨርስ። ትልቅ ስታንድ ጥበቃዎችን ለንግድ ሥራ የመጣችሁ ያስመስላል፤ ሽምብራውን የምወደው በዚህም ነው። ቢያስቆሟችሁ አትከራከሩ። መታወቂያ አሳዩ፣ ፎቶውን አሳዩ፣ «አጥፋ» ካሉ አጥፉ። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ፊት ለፊት የነበረ የሚያምር ዛፍ አንስቼ ሁለት ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ዛፉ ነው ብዬ ባስረዳም አጥሩም አብሮ ገብቷል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ሌንስ አለመጥረግ። ስልክ ኪስ ውስጥ ውሎ የጣት ቅባት ይይዛል፤ ፀሐይ ስታገኘው ፎቶው በሙሉ ጭጋግ ይለብሳል። «ስልኬ አርጅቷል» ካሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ይህ ነበር።
- ባትሪን ውጭ ኪስ ውስጥ መያዝ። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። ትርፉን ደረታችሁ አጠገብ ያዙት። አለቀ ያላችሁትንም ጥቂት አሙቃችሁ መልሱት፤ አንዳንዴ አሥር ፎቶ ይሰጣል።
- አድማሱን ልክ መሐል ላይ ማድረግ። ሰማዩ የሚያምር ከሆነ ከፎቶው ሦስት እጅ ሁለቱን ለሰማዩ ስጡት፤ ባዶ ከሆነ ለመሬቱ።
- ፀሐይ እንደወጣች ቦርሳ መዝጋት። ከዚያ በኋላ ያለው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው ዛፉንና ፊትን የሚያሞቀው።
- ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ መላክ። ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። ለማተም ወይም ለማስቀመጥ ከሆነ «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩ። ኮምፒውተርና ፍላሽ ላይ ያሉት ሁለቱም ቅጂዎች መከፈታቸውን ካያችሁ በኋላ ሚሞሪውን ካሜራው ላይ ፎርማት አድርጉት፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ ሆኖ ይጠብቃችሁ።